ንጉሥ ታሃርቃ (የመጽሐፍ ቅዱሱ ቲርሐቅ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ታሃርቃ በአማርኛ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም። ወይ ከመጽሐፈ ነገሥት አንዲት ቁጥር ትጠቀሳለች፣ ወይ «ዓለምን የገዛው ንጉሣችን» የሚል ፉከራ ይከተላል። ሰውየው ግን ራሱ ያስቀረጸው ብዙ ጽሑፍ ትቷል፤ ጠላቶቹም ስለ እርሱ ከመጻፍ አልቦዘኑም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በእነዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። ነገሩን ማን እንደተናገረው መለየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ግማሹ ሥራ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

ታሃርቃ ማን ነው?

የኩሽና የግብፅ ንጉሥ ነው። ከ690 እስከ 664 ነገሠ። የታሪክ ጸሐፊዎች «25ኛው ሥርወ መንግሥት» ከሚሉት የኩሽ ነገሥታት መካከል በብዛት ያነጸውም፣ በብዛት የተዋጋውም እርሱ ነው። አባቱ ግብፅን በጦር ያስገበረው ፒዬ፣ እናቱ አባር ናቸው። መናገሻው በግብፅ ሜምፊስ ነበረች፤ ትውልድ አገሩ ግን በአራተኛው የዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለችው ናፓታ ናት፤ ዛሬ የሱዳኗ ከሪማ ከተማ ያለችበት አካባቢ ማለት ነው።

ኩሾች ግብፅን መግዛት የቻሉት እንዴት ነው?

ነገሩ የጀመረው በተቃራኒው ነበር። ግብፅ ኃያል በነበረችበት ዘመን ኩሽን ለብዙ መቶ ዓመታት ገዝታለች፤ በናፓታ ባለው በጀበል ባርካል ተራራ ሥርም አሞን ለሚባለው ታላቅ አምላኳ ቤተ መቅደስ ሠርታለች። በኋላ ግብፅ ተዳክማ በየአውራጃው ገዥ ሲነሣ፣ በናፓታ ያሉት የኩሽ አለቆች የአሞንን አምልኮ አጥብቀው ያዙ። ካሽታ የሚባለው ንጉሣቸው ስሙን እስከ አስዋን ድረስ አስጻፈ። ልጁ ፒዬ ደግሞ በ728 አካባቢ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ሰሜን ወርዶ፣ ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት በደልታው ያሉትን ገዥዎች አስገበረ።

ፒዬ ይህን ዘመቻ ያስጻፈበት ትልቅ ድንጋይ በ1862 እ.ኤ.አ. በጀበል ባርካል ተገኝቷል። ለማንበብ ከሚያስደስቱ የጥንት ጽሑፎች አንዱ ይመስለኛል። የተከበበችው ከተማ እጅ ከሰጠች በኋላ ፒዬ ወደ ፈረስ ጋጣው ይገባል፤ ፈረሶቹ ተርበው ሲያገኛቸው ከከተማው ዐመፅ ይልቅ ይህ እንዳበሳጨው ለተሸናፊው ገዥ ይነግረዋል። ሊገብሩ ከመጡት አለቆች መካከልም ዓሣ የሚበሉትን እንደ ርኩስ ቆጥሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ አላስገባቸውም። ከዚያ በኋላ ሰውየው ግብፅ አልተቀመጠም፤ ምርኮውን በመርከብ ጭኖ አገሩ ገባ። በሜምፊስ ተቀምጠው ግብፅን ቀጥታ የገዙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ሸቢትኩና ሻባካ ናቸው። ታሃርቃ ዙፋኑን የወረሰው ከእነዚህ ነው።

ታዲያ ታሃርቃ ኢትዮጵያዊ ነበር?

በመጽሐፍ ቅዱሳችን አጠራር አዎ፤ በዛሬው ካርታ ግን ሱዳን ውስጥ የተወለደና የተቀበረ ንጉሥ ነው። የዕብራይስጡ ጽሑፍ «የኩሽ ንጉሥ» ይለዋል። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት «ኩሽ» የሚለውን «ኢትዮጵያ» አሉት፤ ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ነበርና። የግዕዙም የአማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው።

ስሙ ካመጣው አንድነት ተነሥቶ የትውልድ ሐረግ መሥራት ቀላል ነበር፤ ተሠርቷልም። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጊዜ፣ በ1914 ዓ.ም. የተዘጋጀው የነገሥታት ዝርዝር የኩሽን ነገሥታት ከአክሱም ነገሥታት ጋር በአንድ ሰንሰለት ያያይዛቸዋል። ከጥንቱ የአክሱም ጽሑፎች ግን ታሃርቃን አያቴ የሚል አንድም አልተገኘም። እንዲያውም ታሃርቃ ከሞተ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ የነገሠው ኢዛና በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ «ካሱ» የሚላቸውን፣ ማለትም የኩሽን ሰዎች፣ የዘመተባቸው ሕዝብ አድርጎ ይጠቅሳቸዋል።

እንግዲህ ጎረቤት ነበር። በእኔ እይታ ጎረቤትነቱ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ንጉሡን ከሱዳኖች ነጥቀን ወደ እኛ ማዛወርም አያስፈልገንም። እውነተኛው ትስስር ያለው በወንዙ ነው፤ ስለ ጎርፉ የተጠየቀው ሲመለስ እንደርስበታለን።

ከእርሱ በፊት የነበረውን ንጉሥ ገድሎ ነው የነገሠው ይባላል፤ እውነት ነው?

ማስረጃ የለውም። እርግጥ ነው፣ ገድሎም ቢሆን በገዛ ድንጋዩ ላይ አያስጽፈውም ነበር። ራሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ የሀያ ዓመት ወጣት ሳለ ንጉሥ ሸቢትኩ ከሌሎች የንጉሥ ወንድሞች ጋር ከናፓታ ወደ ሰሜን አስጠራው፤ ከወንድሞቹና ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ወደደው፤ በኋላም «ጭልፊቱ ወደ ሰማይ ከበረረ» ወዲያ፣ ንጉሡ ሞተ ማለት ነው፣ በሜምፊስ ዘውድ ደፋ። ከሁሉ አብልጦ ወደደኝ እያለ መደጋገሙ ግን ዙፋኑ ያለ ክርክር እንዳልመጣ ያስጠረጥራል።

እዚህ ላይ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የቆዩ መጻሕፍት ሻባካን አስቀድመው ሸቢትኩን ያስከትላሉ። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ግን ብዙ ተመራማሪዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሸቢትኩን፣ ሻባካን፣ ከዚያ ታሃርቃን ያስቀምጣሉ። ይህ ትክክል ከሆነ ታሃርቃ ወደ ሰሜን በተጠራበትና በነገሠበት ጊዜ መካከል ዐሥራ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አለፈ ማለት ነው። ሲነግሥ የጎለመሰ የጦር ሰው ነበር፤ ሲሞትም ወደ ስልሳው ደርሷል።

እናቱስ? ልጇን ዳግም አየችው?

አየችው። ታሃርቃ ሀያ ዓመት ሲሆነው ከተለያት በኋላ ዓመታት አልፈው ነግሦ ሳለ፣ አባር ከናፓታ ድረስ ዓባይን ተከትላ ወርዳ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ታሃርቃ በኩሽ ምድር በካዋ ያስቀረጸው ድንጋይ ደስታዋን የግብፃውያን አምላክ ኢሲስ ልጇን ሆረስን በአባቱ ዙፋን ላይ ባየችው ጊዜ ከተሰማት ጋር ያነጻጽረዋል። የነገሥታት ጽሑፍ አብዛኛው ግዳይና ግብር መቁጠር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ቆም ብሎ ማንበብ ነው።

የስድስተኛው ዓመት ጎርፍ ምንድን ነው?

በነገሠ በ6ኛው ዓመት፣ በ685 አካባቢ፣ ዓባይ ከወትሮው እጅግ ከፍ ብሎ ሞላ። ለሌላ ንጉሥ ይህ መቅሠፍት ነበር። ታሃርቃ ግን ከአሞን የተላከልኝ ድንቅ ነው ብሎ በካዋ፣ በግብፅም በቆፕቶስ፣ በማታናና በታኒስ ድንጋይ አስቀርጾ አቆመ። ጽሑፉ እንደሚለው ውኃው አገሩን ሁሉ አለበሰ፤ በየማሳው ያሉትን አይጦችና እባቦች ገደለ፤ አንበጣ ሰብሉን አልነካም፤ የደቡብ ነፋስም አላደረቀውም፤ ንጉሡ ሰፍሮ የማይጨርሰውን እህል ጎተራ አስገባ። ጎርፉ፣ አዝመራው፣ የአገሩ መዳን፣ የእናቱ መምጣት፤ ለእርሱ ሁሉም የአንድ ዓመት በረከት ናቸው።

ደስ የሚለው ጽሑፉ ምክንያቱንም ማስቀመጡ ነው። በኑቢያ፣ ማለትም በኩሽ ምድር፣ ሰማይ ዝናብ ዘነበ፣ ኮረብታዎቹም አብለጨለጩ ይላል። በኑቢያ የዘነበው ዝናብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግብፅን የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ግን ከዚያ አይመነጭም። የክረምቱ ሙላት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በዓባይና የእኛው ተከዜ በሚገባበት በአትባራ በኩል። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ ተራሮች ላይ በዚያ ዓመት ክረምቱ ከብዶ መሆን አለበት። ታሃርቃ አሞንን ያመሰገነበት ውኃና ደለል ከዚህ የወረደ ነው። በእርሱና በእኛ መካከል ትስስር የምፈልግ ቢሆን የምይዘው ይህን ነው እንጂ የነገሥታት ሐረግ አይደለም።

ምን ምን ሠራ?

ከናፓታ እስከ ደልታ ስሙ ያልተቀረጸበት ትልቅ የአምልኮ ቦታ ጥቂት ነው። ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

ካዋ። ከሦስተኛው ፏፏቴ በላይ፣ ከዛሬዋ ዶንጎላ ትይዩ ያለች ቦታ ናት። ወጣት ሳለ ወደ ሰሜን ሲጓዝ የአሞን ቤተ መቅደስ በአሸዋ ተውጦ አይቶ ነበርና፣ ሲነግሥ አሰበው። ከሜምፊስ ግንበኞችንና ድንጋይ ቀራጮችን ወደ ደቡብ አስመጣ፤ ለበሩና ለምሰሶው የሊባኖስ ዝግባ አስቆረጠ፤ በ6ኛው ዓመት ተጀምሮ በ10ኛው ተመረቀ። ወይን አስተክሎ ጠጁን በምዕራብ በረሃ ካለችው ከዝነኛዋ የባሕሪያ ኦአሲስ ወይን ይበልጣል አስባለ። ለቤተ መቅደሱ የሰጠው ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በዝርዝር ተመዝግቧል። የሜምፊስ ቀራጮች በካዋ ግድግዳ ላይ የቀረጿቸው ሥዕሎች ከእነርሱ ከሺህ ዓመት በላይ የሚበልጡትን የጥንት ነገሥታት ቤተ መቅደሶች ሥዕል የሚከተሉ ናቸው። ኩሾች ከግብፃውያን ይልቅ የግብፅን ጥንታዊነት ይወዱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካርናክ። በቴብስ፣ በዛሬዋ ሉክሶር፣ የአሞን ትልቁ ቤተ መቅደስ የመጀመሪያ አደባባይ ላይ ዐሥር ግዙፍ ዓምዶች አቁሟል። ዛሬ ሙሉ ሆኖ የቆመው አንዱ ብቻ ሲሆን ቁመቱ 20 ሜትር ገደማ ነው። ሉክሶርን የጎበኘ ሁሉ ከዚያ ዓምድ ሥር ፎቶ ይነሣል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በቴብስ እህቱ ሸፔንዌፔት «የአሞን ሚስት» የምትባለውን ትልቁን የክህነት ሹመት ይዛ ነበር፤ ልጁን አመኒርዲስንም ወራሽ አድርጋ ተቀበለቻት። ከተማውን የሚያስተዳድረው ሞንቱኤምሐት የሚባል ግብፃዊ መኰንን ነበር። የኩሽ አገዛዝ በዚያ የቆመው በዘመድና በአገሬው ሹም ነው፤ በወታደር ብቻ አልነበረም።

ጀበል ባርካል። ከሜዳው ብድግ ያለ፣ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ተራራ ነው። ከተራራው ተነጥሎ የቆመው 75 ሜትር ያህል የሚረዝም ሹል አለት ከሩቅ ሲታይ ራሱን ያነሣ እባብ ይመስላል፤ የነገሥታቱም የዘውድ ምልክት እባብ ነበር። ታሃርቃ በዚያ ሹል ጫፍ ላይ፣ ማንም ቀርቦ በማያነበው ቦታ፣ ስሙን አስቀርጾ በወርቅ ቅጠል አስለበጠው። ፀሐይ ሲነካው ከሩቅ እንዲያበራ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በገደል ወጪዎች እርዳታ ደርሰውበታል። ሠራተኞቹ በዚያ ዘመን እንዴት እንደወጡ ሳስብ ይገርመኛል።

ወታደሮቹን ያስሮጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለሯጭ አገር አንባቢ ይህ መቅረት የለበትም። ከሜምፊስ በስተደቡብ ባለው የዳሕሹር በረሃ መንገድ ላይ የተገኘ ድንጋይ፣ ታሃርቃ ሠራዊቱ በየቀኑ ሩጫ እንዲለማመድ እንዳዘዘ ይናገራል። አንድ ቀን ወጥቶ ሊመለከታቸው ይሄዳል፤ በሌሊት ከሜምፊስ ተነሥተው እስከ ፋዩም ይሮጣሉ፤ ከመንገዱ የተወሰነውን ንጉሡ ራሱ አብሯቸው ሮጧል ይላል። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአምስት ሰዓት ውስጥ ደርሰዋል። ከዚያም ወደ ሜምፊስ ተመለሱ። ቀድሞ የደረሰው ከንጉሡ ዘበኞች ጋር ቀርቦ በላ፣ ጠጣ፤ የቀሩትም እንደ አሯሯጣቸው ተሸለሙ። ሰዓቱ የንጉሥ ጽሑፍ ነውና ትንሽ ተቆንጥሮ ሊወሰድ ይችላል፤ ቢሆንም በአሸዋ መንገድ ላይ የማይታመን አይደለም። በቅርብ ዘመን በግብፅ የተጀመረው የ100 ኪሎ ሜትር ሩጫ መነሻው ይህ ድንጋይ ነው።

ኢየሩሳሌምን ከሰናክሬም ያዳናት እርሱ ነው?

በ701 የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወርሮ ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም ከበበው። 2ኛ ነገሥት 19 እና ኢሳይያስ 37 እንደሚሉት፣ ሰናክሬም ልብናን ሲወጋ ሳለ ቲርሐቅ ሊዋጋው መውጣቱን ሰማ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ስለ ቲርሐቅ አይናገርም፤ የአሦርን ሠፈር የመታው የእግዚአብሔር መልአክ ነው።

ሰናክሬም ራሱ ያስጻፈው ሌላ ነው። የግብፅ ነገሥታትና የኩሽ ንጉሥ ቀስተኞች፣ ሠረገሎችና ፈረሶች በኤልተቄ ሜዳ እንደገጠሙትና እንዳሸነፋቸው፣ ሕዝቅያስን «በቀፎ እንዳለ ወፍ» እንደዘጋበት፣ ወርቅና ብር እንዳስገበረው ይተርካል። የኩሹን ንጉሥ በስም አይጠራም። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ ግን አይልም፤ ይህን የመሰለ ፉከራ የሚወድ ንጉሥ ይህን ዝም ብሎ ካለፈው አልያዛትም ማለት ነው።

አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ የዘመኑ ነው። ታሃርቃ የነገሠው በ690 ከሆነ በ701 እንዴት «ንጉሥ» ተባለ? የመጽሐፈ ነገሥት ጸሐፊ ታሪኩን የጻፈው ዘግይቶ፣ ሰውየው በንግሥናው ከታወቀ በኋላ ስለሆነ በሚታወቅበት ማዕረግ ጠራው ማለቱ ይበቃል። ቀድሞ «በዚያ ጊዜ ገና ልጅ ነበር» የሚሉ ነበሩ፤ አዲሱ የነገሥታት ቅደም ተከተል ይህን ክርክር አዳክሞታል፤ በ701 ከሀያ ዓመት በላይ የሆነ መስፍን ነበርና። ጦሩን መርቶ ዘምቷል ብሎ ማሰብ አያስቸግርም። ኢየሩሳሌምን ያዳናት እርሱ ብቻ ነው ማለት ግን ከጽሑፎቹ አቅም በላይ ነው። የኩሽ ጦር ከኋላው መኖሩ ሰናክሬምን እንዳስቸገረው ያህል ልንናገር እንችላለን።

ከአሦር ጋር ያጣላው ምን ነበር?

ባሕሩና እንጨቱ። ለካዋ የመጣው ዝግባ የሊባኖስ ነው፤ ሊባኖስ ደግሞ አሦር ግዛቴ የምትለው ጠረፍ ናት። ታሃርቃ ከመንገሡ ከአርባ ዓመት በፊት እንኳ አሦራውያን የፊንቄ ከተሞች ለግብፅ እንጨት እንዳይሸጡ ከልክለው ነበር። ታሃርቃ ከጢሮሱ ንጉሥ ከበኣል ጋር ወዳጅነት ሲገጥም፣ የሰናክሬም ልጅ አስራዶን ነገሩን እንደ ጦርነት ቆጠረው። በኣል «በወዳጁ በታሃርቃ ተማምኖ» ከአሦር ቀንበር መውጣቱን በምሬት ያስጻፈው እርሱ ነው።

አስራዶን መጀመሪያ ግብፅ የገባው በ674/673 ነው፤ ተሸንፎም ተመለሰ። ይህን ከአስራዶን ጽሑፎች አታገኙትም። የሚናገረው የባቢሎን ዜና መዋዕል ነው፤ የአሦር ሠራዊት በግብፅ ድል ሆነ ብሎ በአጭሩ ይመዘግበዋል። ኃያሉ የአሦር ጦር እንዲህ ፊት ለፊት የተመታባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸውና፣ በእኔ ሚዛን የታሃርቃ ትልቁ ድል ይህ ነው፤ እርሱ ራሱ ስለዚህ ድል ያስቀረጸው ድንጋይ ግን እጃችን አልገባም።

በ671 አስራዶን ዳግም መጣ። የሲናን በረሃ ከዐረብ አለቆች በተሰበሰበ ግመል ውኃ አስጭኖ ተሻገረ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ውጊያ ተደረገ፤ ታሃርቃን አምስት ጊዜ በቀስት ወጋሁት ይላል፤ ሜምፊስንም ግንቡን ሰርስሮ፣ አፍርሶ፣ በመሰላል ወጥቶ በግማሽ ቀን ያዝኳት ብሎ ይፎክራል። ታሃርቃ ወደ ደቡብ አመለጠ። አስራዶን በየከተማው ሹም አስቀምጦ፣ የኩሽን ሥር ከግብፅ ነቀልኩ ብሎ ተመለሰ። ዞር ሲል ታሃርቃ ተመልሶ ሜምፊስ ገባ። አስራዶን በ669 ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘምት በመንገድ ላይ ሞተ።

ሥራውን ልጁ አሹርባኒፓል ቀጠለ፤ በ667 ታሃርቃን ከሜምፊስ አስለቀቀው፤ እርሱም ወደ ቴብስ፣ ከዚያም ወደ ላይኛው አገር አፈገፈገ። በዚህ ጊዜ የሆነች አንዲት ነገር የዘመኑን ፖለቲካ ከሁሉ በላይ ታሳያለች። አሦራውያን የሾሟቸው የደልታ ገዥዎች፣ የሳይሱ ኒካው ሳይቀር፣ ለታሃርቃ በምስጢር መልእክት ላኩ፦ እንታረቅ፣ አገሩን ተካፍለን እንኑር፣ የውጭ ጌታ አይግባብን። መልእክተኞቹ በመንገድ ተያዙ፤ ደብዳቤው ተነበበ፤ ሤረኞቹ ተቀጡ። ኒካው ብቻ ነነዌ ተወስዶ ይቅርታ ተደረገለት፤ የክብር ልብስና የወርቅ ሐብል አጥልቆም ተመለሰ። የኋላው የግብፅ ሥርወ መንግሥት ከዚህ ሰው ልጅ ከ1ኛ ፕሳምቲክ ወጣ።

ሚስቱና ልጁ ተማርከዋል?

አዎ። በ671 ሜምፊስ ስትወድቅ ንግሥቲቱ፣ የእልፍኙ ሴቶች፣ አልጋ ወራሹና ሌሎች ልጆቹ ተማርከው ወደ አሦር ተወሰዱ። የአልጋ ወራሹን ስም አሦራውያን ኡሻናኹሩ ብለው ጽፈውታል። በ1888 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቱርክ በዚንጅርሊ በተገኘው የአስራዶን ትልቅ ሐውልት ላይ፣ ከንጉሡ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ ከንፈሩ ተበስቶ በገመድ የተያዘ፣ ግንባሩ ላይ የኩሽ ነገሥታት እባብ ያለበት ሰው ይታያል። ልጁ ነው የሚሉ ይበዛሉ። ወደ አገሩ ስለመመለሱ የሚናገር ጽሑፍ የለም።

ዘመኑ ከ690 እስከ 664 መሆኑ በምን ታወቀ?

በአንድ በሬ። ግብፃውያን አፒስ የሚሉትን ቅዱስ በሬ ሲቀብሩ ልደቱንና ሞቱን በድንጋይ ይጽፉ ነበር። አንዱ በሬ በታሃርቃ 26ኛ ዓመት ተወልዶ፣ በ1ኛ ፕሳምቲክ 20ኛ ዓመት፣ ሀያ አንድ ዓመት ያህል ኖሮ ሞተ ይላል። የፕሳምቲክ ዘመን በሌላ መንገድ የታወቀ ስለሆነ ወደ ኋላ መቁጠር ብቻ ነው የቀረው። ከታሃርቃ በፊት ላሉት የግብፅ ነገሥታት ዓመታት «አካባቢ» የሚባለው፣ ከእርሱ ወዲህ ግን ዓመቱ በእርግጥ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው።

የት ተቀበረ?

በኑሪ። አባቱና አያቶቹ የተቀበሩት በኩሩ ነበር፤ እርሱ ግን ከጀበል ባርካል ትይዩ፣ ከወንዙ ማዶ አዲስ ቦታ መርጦ የመጀመሪያውን ፒራሚድ ሠራ። እያንዳንዱ ጎኑ 52 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኩሽ ፒራሚዶች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ከ1916 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የጥንት ታሪክ ቆፋሪ ጆርጅ ራይዝነር ቦታውን ሲቆፍር፣ ውኃ በገባበት የመቃብር ክፍል ውስጥ በወዲያኛው ዓለም ያገለግሉታል ተብለው የተቀበሩ 1,070 ያህል የድንጋይ ምስሎች አገኘ። ከእርሱ በኋላ ሀያ የሚደርሱ ነገሥታት በዚያው ተቀብረዋል።

ከእርሱ ሞት በኋላ ምን ሆነ?

የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ እንደሆነ የሚነገርለት ታኑታሙን ነገሠ። ሜምፊስን አስመልሶ ኒካውን ገደለ። አሹርባኒፓል በ663 መጥቶ ቴብስን እስከ መጨረሻ ዘረፋት፤ ነቢዩ ናሆም በምዕራፍ 3 «ኖእ አሞን» እያለ ለነነዌ መቀጣጫ አድርጎ የሚያነሣት ይህችን ከተማ ነው። በ656 የፕሳምቲክ ልጅ በቴብስ ለ«አሞን ሚስትነት» ስትታጭ የኩሽ አገዛዝ በግብፅ አበቃ። ኩሽ ራሷ ግን አልወደቀችም። በናፓታ፣ በኋላም በመርዌ፣ ለሌላ ሺህ ዓመት ነገሥታት ነበሯት፤ ግብፅ ለፋርስ፣ ለግሪክና ለሮም ስትገብር እነርሱ በገዛ አገራቸው ነገሡ።

በ593 ሁለተኛው ፕሳምቲክ ወደ ኩሽ ዘመተ፤ በግብፅ ያሉትንም የኩሽ ነገሥታት ስሞች አስፋቀ፤ የሁለቱን አገር ንግሥና ከሚያመለክቱት በግንባራቸው ካሉ ሁለት እባቦች አንዱን አስቀጠቀጠ። በ2003 እ.ኤ.አ. በሱዳን በከርማ አጠገብ በዱኪ ጌል በጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው የተገኙት ሰባት የነገሥታት ሐውልቶች፣ ከእነርሱም የታሃርቃ፣ የተሰባበሩት በዚያ ዘመቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ጥቁር ፈርዖኖች» መባላቸው ትክክል ነው?

ለመጽሔት ርዕስ ይመቻል። እነርሱ ራሳቸው የሚኮሩበት በቆዳቸው ሳይሆን በአሞን መመረጣቸው ነበር። ሐውልቶቻቸው ሰፊ ፊት፣ ወፍራም አንገት፣ ጠባብ ቆብና ባለ በግ ራስ ጌጥ አላቸው፤ የኩሽ መልካቸውን ሊደብቁ አልሞከሩም። «የኩሽ ነገሥታት» ማለት ይበቃል።

ዛሬ የእርሱን ሥራ የት ማየት ይቻላል?

ጀበል ባርካል፣ ኑሪ፣ ኩሩና ሳናም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በጀመረው ጦርነት ምክንያት ግን ለጎብኚ የሚሆን ጊዜ አይደለም። የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ግዙፉ የታሃርቃ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ለመነቅነቅ የማይመች ስለሆነ በቦታው ቀርቷል።

ከሱዳን ውጭ ለሚኖሩ፦ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ከካዋ የመጣው የአንበሳ አካልና የታሃርቃ ፊት ያለው ምስል፣ ስፊንክስ የሚባለው፣ አለ፤ ትንሽ ነው፣ 75 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ መልኩን የሚያሳየው እርሱ ይመስለኛል። በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ከካዋ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ የተተከለ የእርሱ የጸሎት ቤት አለ። በፓሪስ ሉቭር ለጭልፊት አምላክ ተንበርክኮ ወይን ሲያቀርብ የሚታይበት የነሐስ ምስል ይገኛል። ከኑሪ የወጡት የመቃብር ምስሎች ብዙዎቹ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ናቸው። የግብፅ ጉዞ ያላችሁ ከካርናኩ ዓምድ በተጨማሪ በአስዋን የኑቢያ ሙዚየም ያለውን የራስ ቅርጽ እዩ። የአስራዶን ሐውልት ያለው በበርሊን ፔርጋሞን ሙዚየም ነው፤ ሙዚየሙ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለእድሳት ስለተዘጋ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መከፈቱን አጣሩ።